ጭምብሉን ማን አጠለቀለት? የልጆች ካርቱን ሙት መንፈስን የፈራበት ዘመን

የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች በልጆች ካርቱን ላይ አንድ የቆየ ቅሬታ አላቸው። ቅሬታው ስኩቢ ዱ የሚባለው ዝነኛ ካርቱን ላይ ነው። ታሪኩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። አራት ወጣቶችና አንድ ፈሪ ውሻ በመኪና ይዞራሉ፤ የደረሱበት ቦታ ሁሉ ሙት መንፈስ ወይም ጭራቅ ይታይበታል። ሩጫ ነው፣ መደበቅ ነው፣ ጩኸት ነው። በመጨረሻ ጭራቁ ወጥመድ ውስጥ ይገባል፤ ጭምብሉ ሲወልቅ ግን ከሥሩ ተራ ሰው ብቅ ይላል። የተደበቀ ሀብት የሚፈልግ፣ ሰውን አስፈራርቶ ንብረቱን በርካሽ ሊወስድ ያሰበ፣ ወይም ሕገወጥ ሥራውን የሚሸፍን ሰው።

ለአስፈሪ ፊልም ወዳጅ ይህ ክህደት ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሲያስፈራሩት ቆይተው መጨረሻ ላይ "ስንቀልድ ነው" ያሉት ያህል ይሰማዋል።

ቅሬታው ግን ከካርቱን የሚያልፍ ጥያቄ ያስነሳል። ሙት መንፈሱ እውነተኛ እንዳይሆን ያስገደደው ምንድን ነው? መልሱን የሚፈልግ ሰው ከሥዕል ክፍል ይልቅ ወደ ሴኔት ምርመራ፣ ወደ ፖለቲካ ግድያና ወደ ጦርነት ነው የሚሄደው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

◆ የ1954ቱ ምርመራ

ነገሩ የሚጀምረው ቴሌቪዥን ገና ሳይስፋፋ፣ በሥዕላዊ መጽሔቶች ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ኢሲ ኮሚክስ የተባለ አሳታሚ አስፈሪ ታሪኮችን በሥዕል እያወጣ ለልጆችና ለወጣቶች በሳንቲም ይሸጥ ነበር። ከመቃብር የሚነሱ ሙታን፣ ደም መጣጮች፣ በሠሩት ግፍ የሚቀጡ ባሎችና ሚስቶች በየገጹ ነበሩ።

በዚያው ዘመን የወጣቶች ወንጀል የአገሪቱ ትልቅ መነጋገሪያ ሆነ። ፍሬድሪክ ዌርታም የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ተነሡና ጥፋቱ የእነዚህ መጽሔቶች ነው አሉ። ዶክተር ዌርታም ተራ አጉራሽ ነቃፊ አልነበሩም። በ1946 በኒው ዮርክ ሐርለም ለድሆች የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒክ የከፈቱ፣ የጥቁርና የነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት መለያየት ምን ጉዳት እንደሚያደርስ በፍርድ ቤት የመሰከሩ ሰው ናቸው። ቃላቸው የተሰማውም ለዚህ ነው። በ1954 መጽሐፋቸው ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ በኒው ዮርክ ምርመራ ከፈተ።

የኢሲ ኮሚክስ ባለቤት ዊልያም ጌይንስ በገዛ ፈቃዱ ቀርቦ መሰከረ። ሴናተር ኢስቴስ ኪፎቨር አንድ የመጽሔት ሽፋን አንሥተው አሳዩት። ሽፋኑ ላይ መጥረቢያ የያዘ ሰው የተቆረጠ የሴት ራስ በጸጉሩ አንጠልጥሏል። ይህ ጨዋነት ያለው ሥራ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጌይንስ ለአስፈሪ መጽሔት ሽፋን ተገቢ ነው ብሎ መለሰ። ያ መልስ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሥራውን የቀበረውም እሱ ነው ማለት ይቻላል።

መንግሥት የከለከለው ነገር አልነበረም። አሳታሚዎቹ ራሳቸው ደንግጠው በዚያው ዓመት መገባደጃ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት አስፈሪነትንና ሽብርን የሚገልጹ ቃላት በመጽሔት ርእስ ላይ መውጣት የለባቸውም፤ ደም መጣጭ፣ ሬሳ በላ፣ ከሞት ተነሥቶ የሚሄድ አካል፣ ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው አይሣልም። ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው አንቀጽ ነው። ፖሊስ፣ ዳኛና የመንግሥት ባለሥልጣን ሥልጣንን በሚያስንቅ መልኩ እንዳይቀርቡም ደንቡ ይከለክላል። ሙት መንፈስን ለማባረር የወጣው ደንብ በዚያው እግረ መንገዱን ባለሥልጣንን ከትችት ከልሏል ማለት ነው።

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ በ2012፣ ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የዶክተሩን የግል መዛግብት መርምራ ያገኘችውን አሳተመች። ዌርታም የልጆቹን ቃልና ዕድሜ ለመከራከሪያቸው በሚመች መንገድ ቀይረው እንደነበር አሳየች። የደንቡ ዘመን ግን በዚያ መሐል አልፎ ሄዷል።

◆ ከግድያው በኋላ የመጣው ቅዳሜ

በ1960ዎቹ የልጆች መዝናኛ ወደ ቴሌቪዥን ዞረ። ቅዳሜ ጠዋት የካርቱን ሰዓት ሆነ። ሐና ባርቤራ የተባለው ስቱዲዮ በ1966 ስፔስ ጎስትን፣ በ1967 ሄርኩሎይድስን አወጣ፤ ሁለቱም ጀግኖችና ጭራቆች የሚደባደቡባቸው ናቸው። የኮሚክሱ ደንብ ቴሌቪዥንን ስለማይመለከት ጭራቁ እንደ ልቡ ይንጎራደድ ነበር።

1968 ሲመጣ ሁሉም ተቀየረ። ሚያዝያ ላይ ማርቲን ሉተር ኪንግ ተገደሉ። ሰኔ ላይ ሮበርት ኬኔዲ ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ጆንሰን ከቀናት በኋላ የአመፅን መንስኤ የሚያጠና ብሔራዊ ኮሚሽን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት በቦስተን አቅራቢያ ኒውተን በምትባል ከተማ፣ ፔጊ ቻረን የተባሉ እናት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ለልጆች ቴሌቪዥን የሚሟገት ማኅበር መሠረቱ። ቻረን ሳንሱርን የሚቃወሙ፣ የተሻለ ምርጫ ለልጆች ይቅረብ የሚሉ ሴት ነበሩ፤ ትልቁ ትግላቸውም በልጆች ፕሮግራም ውስጥ የሚነዛውን ማስታወቂያ የሚመለከት ነበር። የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ግን ከወላጆች ድምፅ የሰሙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ድብድቡን አውጡ።

የሲቢኤስ የቀን ፕሮግራሞች ኃላፊ ፍሬድ ሲልቨርማን ቡጢ የሌለበት ግን ልጅን ከወንበሩ የማያስነሣ ካርቱን ፈለገ። ጆ ሩቢና ኬን ስፒርስ የተባሉ ጸሐፊዎች ምሥጢር የሚፈቱ ወጣቶችን ታሪክ አመጡ። ከቀረቡት ርእሶች አንዱ "ማን ፈራ?" የሚል መንፈስ ነበረው። የሲቢኤሱ ፕሬዚዳንት ፍራንክ ስታንተን ዕቅዱን አይተው ለልጆች በጣም ያስፈራል ብለው መለሱት። ሲልቨርማን ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ በአውሮፕላን ውስጥ የፍራንክ ሲናትራን ዘፈን ሲሰማ ከመጨረሻው ማዜሚያ የውሻውን ስም አገኘ፤ ውሻውም ከጓዳ ወደ ፊት ወጣ። ድንጋጤው በሣቅ ተሸፈነ።

መስከረም 13 ቀን 1969 ስኩቢ ዱ ተጀመረ። ቀመሩ ለሁሉም የሚመች ነበር፤ ልጁ በመጀመሪያ ይፈራል፣ በመጨረሻ ወላጁ ይረጋጋል።

ልክ በሁለተኛው ወር፣ በኅዳር 1969፣ ጋዜጠኛው ሲይሞር ኸርሽ የማይ ላይን ዘገባ አወጣ። የአሜሪካ ወታደሮች ባለፈው ዓመት መጋቢት በአንዲት የቬትናም መንደር በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን መግደላቸውን ዓለም አወቀ። ከሟቾቹ መካከል ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ነበሩበት። ቅዳሜ ጠዋት ሙት መንፈስ እንዳይገባበት የተጠበቀው የቴሌቪዥን ሣጥን፣ ማታ ማታ በዜናው ሰዓት የጦርነቱን ሬሳ ወደ ሳሎን ያስገባ ነበር።

◆ መቃብር የሚለው ቃል

በዚሁ ጊዜ በጃፓን ሌላ ታሪክ ይሄድ ነበር። ጥር 1968 ፉጂ ቴሌቪዥን ከመቃብር ስለተወለደ አንድ ዓይን ልጅ የሚተርክ ካርቱን ጀመረ። ልጁ ኪታሮ ይባላል፤ ደራሲው ሺጌሩ ሚዙኪ ነው። የመጀመሪያው የመጽሔት ታሪክ "የመቃብሩ ኪታሮ" የሚል ስም ነበረው። ለቴሌቪዥን ሲታሰብ ግን መቃብር የሚለው ቃል አይሆንም ተባለና "ጌጌጌ ኖ ኪታሮ" ሆነ። በቶኪዮም በኒው ዮርክም አለቆች የፈሩት በመጀመሪያ ርእሱን ነው።

ከርእሱ በኋላ ግን መንገዳቸው ተለያየ። በኪታሮ ዓለም መናፍስቱ እውነተኛ ናቸው፤ የሚወልቅ ጭምብል የላቸውም። ኪታሮ በእነሱና በሰው መካከል ቆሞ ያስታርቃል። ብዙ ጊዜ ችግሩን የሚጀምረው ሰፈራቸውን የነካ፣ ስግብግብ የሆነ ሰው ነው። ሚዙኪ እነዚህን ተረቶች የሰማው በልጅነቱ ከአንዲት አሮጊት ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም፤ አያ ጅቦንና ጭራቅን በምድጃ ዳር የሰማ ልጅ፣ የሚያስፈራው ተረት ከሚያቅፈው ሰው አፍ ሲወጣ እንዴት እንደሚጣፍጥ ያውቃል።

ሁለቱን ካርቱኖች የሣሉት ሰዎች ሕይወት ደግሞ የሚገርም ግጥምጥሞሽ አለው። ስኩቢን በወረቀት ላይ የፈጠረው ሠዓሊ ኢዋዎ ታካሞቶ ነው፤ ሎስ አንጀለስ የተወለደ፣ ወላጆቹ ከጃፓን የመጡ። በ1942 የአሜሪካ መንግሥት ወደ 120,000 የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸውን ሰዎች ከየቤታቸው አፍሶ ካምፕ ሲያስገባ፣ ታካሞቶ ከቤተሰቡ ጋር በማንዛናር ካምፕ ታጎረ። ጥፋቱ ዘሩ ብቻ ነበር። ሚዙኪ ደግሞ በዚያው ጦርነት ለጃፓን ጦር ተመልምሎ ወደ ራባውል ተላከ፤ በቦምብ ድብደባ ግራ እጁን አጣ። ዕድሜውን ሙሉ የሣለው በቀረችው ቀኝ እጁ ነው።

አንዱን የገዛ አገሩ እንደ ጠላት አጥሮ አስቀመጠው፤ ሌላውን የገዛ አገሩ ለእሳት ማገደው። በ1968 እና በ1969 በሁለቱም አገር የልጆችን ፍርሃት በወረቀት ላይ ያሰፈሩት እነዚህ ሰዎች ናቸው። እውነተኛ ጭራቅ ከየት እንደሚመጣ የሚነግራቸው ኮሚቴ አላስፈለጋቸውም።

◆ ሙት መንፈሱ ተመለሰ

በአሜሪካ ክልከላው ቀስ በቀስ ላላ። የኮሚክሱ ደንብ በ1971 ተሻሽሎ ደም መጣጭ ተፈቀደለት። በጥቅምት 1990 ሲምፕሶንስ የመጀመሪያውን አስፈሪ ልዩ ዝግጅት አቀረበ፤ መነሻው እነዚያው የተወገዙ የኢሲ መጽሔቶች ነበሩ። በመክፈቻው ላይ እናትየዋ ማርጅ ብቅ ብላ ልጆቻችሁን ቶሎ አስተኙ ብላ ወላጆችን ታስጠነቅቃለች። በሴኔት ፊት ከባድ የነበረው ማስጠንቀቂያ ቀልድ ሆኖ ተመለሰ። በ1998 በወጣ አንድ የስኩቢ ዱ ፊልም ደግሞ ጀግኖቹ የዞምቢን ጭምብል ሊያወልቁ ሲታገሉ ጭምብል እንደሌለ ያውቃሉ፤ ዞምቢዎቹ የእውነት ናቸው።

ከሁሉም በላይ የአስፈሪ ፊልም ወዳጆች የሚያነሡት ግን በ1999 የጀመረውን "ፈሪው ውሻ ከሬጅ"ን ነው። ጆን ዲልዎርዝ የፈጠረው ይህ ውሻ ከአንዲት ደግ አሮጊትና ከነጭናጫ ባሏ ጋር ምድረ በዳ ውስጥ ይኖራል። ስሙ ድፍረት ማለት ነው፤ ግብሩ ግን መንቀጥቀጥ ነው። ሆኖም አሮጊቷን አደጋ በነካት ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ይገባበታል።

በዚህ ካርቱን ውስጥ አንድ ጭምብል ያደረገች ድመት የምትመጣበት ክፍል አለ። ውሻ ስትባል ትጠላለች፤ ከሬጅንም ትደበድበዋለች። ነገሩ ሲጣራ የምትወዳት ጓደኛዋ በአንድ ጨካኝ ወሮበላ እጅ ወድቃ ትሠቃያለች፤ ወሮበላውም ውሻ ነው። ጭምብሉ ሲወልቅ እንደ ስኩቢ ዱ አጭበርባሪ አልተገኘም። የተገኘችው የተጎዳች ነፍስ ናት። በቤት ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ስንቱ የጎልማሶች ድራማ ሸሽቶት ያልፋል፤ አንድ የልጆች አስፈሪ ካርቱን ግን ልጅ በሚገባው ቋንቋ ነገረው።

◆ እንግዲህ ማን ልክ ነው?

የአስፈሪ ፊልም ወዳጁ አንድ ነገር ላይ ልክ ነው። ልጅን ከሚያስፈራ ታሪክ ማራቅ ከፍርሃት ማራቅ አይደለም። ልጅ ጨለማን፣ የወላጅ ጠብን፣ የሰፈር ጉልበተኛን ያለ ካርቱንም ይፈራል። ታሪኩ የሚሰጠው ለዚያ ፍርሃት ስምና መጨረሻ ነው።

ስኩቢ ዱን ሲያጣጥል ግን ይሳሳታል። ከጭንቀትና ከስምምነት የተወለደው ያ ቀመር፣ የወለዱት ሰዎች ያሰቡትም ባይሆን፣ ለልጅ ከባድ ትምህርት ይዟል፦ ጭራቅ መጣ ሲሉህ መጀመሪያ ማን እንደሚጠቀም ጠይቅ። ከጭምብሉ ሥር ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተከበረው የሰፈሩ ሰው ነው። የ1954ቱ ደንብ የተከበረ ሰው እንዳይነካ ሲጠብቅ፣ የቅዳሜው ካርቱን ያንኑ ሰው በየሳምንቱ ለፖሊስ ያስረክብ ነበር።

በሁለቱም ጊዜያት ወላጆች የተጨነቁት በከንቱ አልነበረም። መሪዎች ይገደሉ ነበር፤ ልጆች ይጠፉ ነበር። ነገር ግን ከወረቀት ላይ ጭራቅን ማጥፋት ከጎዳና ላይ ጠመንጃን ከማጥፋት፣ ጦርነትን ከማስቆም ይቀላል። ቀላሉ ሥራ በአንድ ዓመት አለቀ። ጦርነቱ እስከ 1975 ቀጠለ።

ዛሬም በየአገሩ ልጆች ምን ይዩ፣ ምን አይዩ የሚለው ክርክር በተነሣ ቁጥር ይህን ታሪክ ማስታወስ ይጠቅማል። ሥዕሉ ሲነሣ፣ ቃሉ ሲሰረዝ፣ ርእሱ ሲቀየር መጠየቅ ያለበት አንድ ነው። ልጁን የሚያስፈራው ነገር በእርግጥ ከሥዕሉ ጋር ሄዷል ወይስ ጭምብሉን አጥልቆ እዚያው ቤት ቀርቷል?