የሃይኩ ግጥም ትምህርት፤ ከጉባኤ እስከ መጽሔት ገጽ

ሃይኩ የተባለው የጃፓን አጭር ግጥም 5፣ 7 እና 5 ሆኖ የተከፈለ 17 ድምፅ አለው። ጀማሪ በብዙ ስፍራ አስቀድሞ የሚማረው ይህን ቍጥር ነው። የታሪኩ ምስክርነት ግን ሌላ ነው፤ ግጥሙ የተወለደው በማኅበር ስለ ሆነ፣ አገጣጠሙንም ሰው የሚማረው በማኅበር መካከል ተቀምጦ ነበር።

በ17ኛው መቶ ዓመት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የነበረው ስም ሆኩ፣ ማለት የመነሻ ስንኝ፣ ነው። ሰዎች ተሰብስበው በየተራ ስንኝ እያከሉ አንድ ረጅም ግጥም፣ ብዙ ጊዜም ባለ 36 ስንኝ፣ ያቀናብሩ ነበር። በልማዱ የክብር እንግዳው ሆኩን ይሰጣል፤ ባለቤቱም በ14 ድምፅ ይመልስለታል። እንግዳው የዓመቱን ወቅት የሚጠራው ለዕለቱና ለስፍራው ሰላምታ ሲያቀርብ ነው። ቆራጭ የሚባለው ቃልም ስንኙ በራሱ እንዲቆም ያደርጋል። ዛሬ እንደ ደረቅ ሕግ የሚጠቀሱት እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ እንግዲህ፣ ከጉባኤው ሥራ የመጡ ናቸው።

ማትሱዎ ባሾ (1644–1694) በኤዶ ከተማ የሌላውን ስንኝ እያረሙና ነጥብ እየሰጡ ገንዘብ ከሚቀበሉት መምህራን አንዱ ነበር። በ1680 ገደማ ግን ይህን ትቶ ወደ ፉካጋዋ ሄደ። ነጥብ መስጠት የመምህር እንጀራ ነበረና፣ ውሳኔው ቀላል አልነበረም። ደቀ መዛሙርቱ የተማሩት አብረውት በመቀመጥና በመጓዝ ነው፤ ሶራ በ1689 ረጅሙን የሰሜን ጉዞ ተከትሎታል። ኪዮራይ ደግሞ መምህሩ የትኛውን ቃል እንደ ነቀፈ፣ ደቀ መዛሙርቱም እንዴት እንደ ተከራከሩ ጽፎ ትቷል፤ መጽሐፉ የታተመው በ1775 ነው። ሕግ ከመደርደር ይልቅ አንድ ቃል ሲለወጥ ስንኙ ምን እንደሚሆን ስለሚያሳይ፣ በእኔ አስተያየት ከብዙ የአገጣጠም መመሪያ ይበልጣል።

ማሳኦካ ሺኪ (1867–1902) በ1893 ሆኩ ሥነ ጽሑፍ ነው፣ የቅብብሎሹ ግጥም ግን አይደለም ብሎ ተከራከረ። ለብቻው የቆመውም ስንኝ ሃይኩ በሚለው ስም ጸና። ሺኪ ከሥዕል ሙያ በወሰደው ሐሳብ ተማሪው ያየውን በቃል እንዲነድፍ አስተማረ፤ እርሱ ራሱ በአከርካሪ ቲቢ የአልጋ ቍራኛ ነበር። በ1897 ሆቶቶጊሱ የተባለው መጽሔት በማትሱያማ ተመሠረተ፤ ሩቅ ያለ ጀማሪም ግጥሙን በፖስታ ይልክ ጀመር። ትምህርቱ ለብዙ ሰው ተከፈተ፤ ነገር ግን ለመነሻው ስንኝ መልስ የሚሰጠው ሰው ከፊቱ ጠፋ።

ጉባኤው ፈጽሞ አልቀረም። ኩካይ በሚባለው ስብሰባ እያንዳንዱ ስንኙን ያለ ስም ጽፎ ያስረክባል። የእጅ ጽሕፈቱ እንዳይታወቅም ሌላ ሰው ይገለብጠዋል። ሁሉም የወደደውን ይመርጣል፤ ገጣሚው ስሙን የሚናገረው የተመረጠው ስንኝ ከተነበበ በኋላ ነው።