ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት ማን ምላሽ ይሰጣል? ከኤች አይ ቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ የትንበያ አቅምና ወሰን

በ0፣ በ1ኛውና በ6ኛው ወር የሚሰጡት ሦስት የሄፓታይተስ ቢ ክትባቶች ከ10 ጤናማ ጎልማሶች ከ9 በላይ ለሚሆኑት መከላከያ ያስገኛሉ። ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ በሚገኝ ሰዎች ዘንድ ግን ያው ክትባት፣ በዚያው መጠንና በዚያው የጊዜ ሰሌዳ ተሰጥቶ፣ የሚሠራው እንደየጥናቱ ከሲሶ ጀምሮ እስከ ሁለት ሦስተኛ ግድም ለሚሆኑት ብቻ ነው። ሁለቱ ቫይረሶች የሚተላለፉት በተመሳሳይ መንገድ፣ ማለትም በደም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነትና ከእናት ወደ ልጅ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡም የጉበት ጉዳቱ ይፋጠናል። በመሆኑም ክትባቱ አብዝቶ የሚያስፈልገው ሰው እምብዛም የማይሠራለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ተመራማሪዎች ማን ምላሽ እንደሚሰጥ ከመርፌው በፊት ለማወቅ ሲጥሩ የቆዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥረቱ ፍሬ አልባ አልነበረም፤ ግን አቅጣጫው ያጠያይቃል። ትንበያው ሲፈለግ የኖረው በተከታቢው ሰውነት ውስጥ ሲሆን ውጤቱን ከሁሉ በላይ የለወጠው የክትባቱ ዓይነትና መጠን ነው። ሄፓታይተስ ቢ በተስፋፋባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ደግሞ ከማንኛውም የትንበያ ቀመር በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ምላሽ የሚባለው የቱ ነው?

አንድ ሰው ምላሽ ሰጥቷል የሚባለው የመጨረሻውን ክትባት ከወሰደ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ደሙ ሲመረመር፣ በቫይረሱ የገጽ አንቲጂን ላይ የተሠራው ፀረ እንግዳ አካል በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ዓለም አቀፍ ዩኒትና ከዚያ በላይ ሆኖ ሲገኝ ነው። ይህ ወሰን ለሥራ ያመቻል፤ ተፈጥሮ ያሰመረችው መስመር ግን አይደለም። 9 ያመጣው ሰው ከማይሰጡት፣ 11 ያመጣው ከሚሰጡት ይመደባል። 11 ያመጣውና 1500 ያመጣው ደግሞ በአንድ ሣጥን ይገባሉ፤ የሁለቱ ዕድል ግን ለየቅል ነው። ፀረ እንግዳ አካሉ ከጊዜ ጋር ስለሚቀንስ ዝቅ ብሎ የጀመረው ቶሎ ከወሰኑ በታች ይወርዳል። በፈረንሳይ የተካሄደው ኤኤንአርኤስ ኤችቢ03 ሙከራ ተሳታፊዎች ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ሲታዩ፣ በመደበኛው አሰጣጥ ምላሽ ሰጥተው ከነበሩት መካከል ከወሰኑ በላይ የቀሩት ወደ 40 በመቶ ብቻ ነበሩ። እጥፍ መጠን አራት ጊዜ ወስደው ምላሽ ከሰጡት ግን ወደ 70 በመቶ የሚሆኑት አሁንም ከወሰኑ በላይ ነበሩ። «አዎ» ወይም «አይ» ብቻ የሚል ቀመር ይህን ልዩነት አያየውም።

ንፍፊት ውስጥ ምን ይሆናል?

ክትባቱ የያዘው በእርሾ ውስጥ የተመረተ የቫይረሱን የገጽ ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ክንድ ላይ ሲወጋ በብብት ሥር ወዳለው ንፍፊት ይደርሳል፤ እዚያም የሚያውቀው ቢ-ሴል ይይዘዋል። ቢ-ሴሉ ብቻውን ብዙ ርቀት አይሄድም። ተባዝቶ የተሻለ ፀረ እንግዳ አካል ለመሥራትና ትውስታ ለመያዝ፣ በንፍፊቱ እምብርት ያለችው ረዳት ቲ-ሴል «ቀጥል» የሚል ምልክት ልትሰጠው ይገባል። ኤች አይ ቪ ከሚሸሸግባቸው ዋና ዋና ቦታዎች አንዱ እነዚሁ ረዳት ሴሎች ናቸው። በመድኃኒት ቫይረሱ ከደም ጠፍቶ የሲዲ 4 (በደም ውስጥ ያሉት የረዳት ቲ-ሴሎች) ቁጥር ካገገመ በኋላ እንኳ በንፍፊቱ ውስጥ ያለው ጠባሳና የቆየ ብግነት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ሲዲ 4 ለትንበያ የሚሰጠው እርዳታ የተወሰነ የሆነውም ለዚህ ይመስላል፤ የሚቆጠረው በደም ሥር የሚዘዋወረው ሲሆን ሥራው የሚሠራው ሌላ ቦታ ነው።

በጥናቶች ተደጋግመው የታዩት ጠቋሚዎች እንግዳ አይደሉም። ከፍ ያለ ሲዲ 4፣ በመድኃኒት የተገታ ቫይረስ፣ ወጣትነትና ሴትነት ጥሩ ምላሽ የሚጠበቅባቸው ሲሆኑ፣ ሲጋራ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የኩላሊት ድካም በተቃራኒው ይቆማሉ። ሲዲ 4 በታሪኩ የወረደበት ዝቅተኛ ነጥብም የራሱን አሻራ ይተዋል። በዘረ መል በኩል ዲአርቢ1 03 እና 07 የተባሉት የኤችኤልኤ ዓይነቶች ከደካማ ምላሽ ጋር ተያይዘዋል፤ የእነዚህ ስርጭት ግን ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። በ2016 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ ላይ የወጣ የአረጋውያን ጥናትም ከክትባቱ በፊት በደም ውስጥ የሚታይ የብግነት ምልክት ደካማ ምላሽን እንደሚያመለክት አሳይቷል። ጥናቱ ከኤች አይ ቪ ጋር የተያያዘ ባይሆንም ከላይ ከተገለጸው ሥዕል ጋር ይገጥማል።

ቀመሩ በክሊኒክ ውስጥ

በአንድ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክፍል ሦስት ሰዎች ተራ ይጠብቃሉ እንበል። የመጀመሪያዋ የ34 ዓመት ሴት ናት፤ ሲዲ 4ዋ 620፣ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ፣ ሲጋራ የማታጨስ። ሁለተኛው 58 ዓመት የሞላው አጫሽ ነው፤ መድኃኒት ሲጀምር ሲዲ 4ቱ 40 ነበር፣ አሁን 210 ደርሷል። ለእነዚህ ሁለቱ ቀመር አያስፈልግም፤ ልምድ ያላት ነርስ ካርዳቸውን አይታ ትገምታለች። ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነው፦ የ45 ዓመት ወንድ፣ ሲዲ 4 430፣ ቫይረሱ ከተገታ አራት ዓመት። አብዛኛው ተከታቢ እሱን ይመስላል፤ ቀመሩ ከሁሉ ይልቅ የሚያመነታውም በእሱ ላይ ነው።

ስሌቱን በእጅ እንሥራው። ከሚከተቡ 1000 ሰዎች 650ው ምላሽ የሚሰጡ፣ 350ው የማይሰጡ ይሁኑ። ቀመሩ ከሁለቱም ወገን 70 በመቶውን በትክክል ይለያል እንበል። «አይሠራላቸውም» የሚላቸው 440 ይሆናሉ፤ ከእነዚህ 245ቱ በእርግጥ የማይሠራላቸው ሲሆኑ 195ቱ ያለ ምንም ተጨማሪ ነገር ይሠራላቸው የነበሩ ናቸው። «ይሠራላቸዋል» ከተባሉት 560 ሰዎች መካከል ደግሞ 105ቱ መከላከያ ሳያገኙ ይቀራሉ። ደህና ናችሁ ተብለው ወደ ቤታቸው ከሚሄዱት ከአምስት አንዱ ገደማ ተጋላጭ ነው ማለት ነው። ከክትባቱ በኋላ የሚደረግ አንድ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ 350ውንም ያገኛቸዋል። ምርመራው ውድ ነው የሚባል ከሆነ ከምን ጋር ሲነጻጸር እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ቀመሩን ለማጥናት የወጣው ገንዘብም ከሒሳቡ ባይጎድል ጥሩ ነው።

ክትባቱ ሲለወጥ

ከላይ የተነሳው የፈረንሳይ ሙከራ በ2011 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲታተም፣ ሲዲ 4ታቸው ከ200 በላይ የሆኑ 437 ሰዎች ተሳትፈውበት ነበር። በመደበኛው አሰጣጥ 65 በመቶ ምላሽ ሲሰጡ፣ የመደበኛውን እጥፍ፣ 40 ማይክሮ ግራም፣ አራት ጊዜ የወሰዱት 82 በመቶ ደርሰዋል። አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ ፈጠራ አላስፈለገም፤ የተጨመረው መጠኑና አንድ ቀጠሮ ነው።

ከዚያ ይበልጥ አስገራሚው ቢ-ሃይቭ የተባለው ሙከራ ነው። ቀደም ሲል ተከትበው ምላሽ ያልሰጡ ከ500 በላይ ሰዎችን በሦስት ወገን ከፍሎ፣ ለሁለቱ ሲፒጂ የተባለ አጋዥ ንጥረ ነገር የተጨመረበትን ሄፕሊሳቭ ቢን፣ ለአንዱ የተለመደውን ክትባት ሰጠ። ሄፕሊሳቭን ሦስት ጊዜ ከወሰዱት 99.4 በመቶ፣ ሁለት ጊዜ ከወሰዱት 93.1 በመቶ፣ የተለመደውን ሦስት ጊዜ ከወሰዱት 80.6 በመቶ ምላሽ ሰጡ። በዚሁ ሙከራ ሌላ ክፍል ከዚህ በፊት ተከትበው የማያውቁ 68 ሰዎች ሄፕሊሳቭን ሦስት ጊዜ ወስደው አንድም ሳይቀር መከላከያ አግኝተዋል።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ የሚያነጋግረው 80.6 ነው። «ከዚህ በፊት ተከትቦ አልሠራለትም» ከሚለው የበለጠ ጠንካራ የትንበያ መረጃ ማሰብ ይከብዳል። ሆኖም እነዚሁ ሰዎች የተለመደውን ክትባት እንደገና ሲወስዱ ከአምስት አራቱ ምላሽ ሰጡ። በመካከሉ የኤች አይ ቪ ሕክምናቸው ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል፤ አስቀድሞ የተሠራ ደካማ ትውስታም ተቀስቅሶ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ ምላሽ አለመስጠት የሰውየው ቋሚ ጠባይ አለመሆኑን ያሳያል። በአንድ ጊዜ ልኬት የተሠራ ቀመር ደግሞ እንደ ቋሚ ጠባይ ይቆጥረዋል። ሲዲ 4 እስኪጨምር ክትባቱን ማዘግየትም በዚሁ ስህተት ላይ የቆመ ልማድ ነው። ሲዲ 4ቱ ዝቅ ያለ ሰውም ምላሽ ሊሰጥ ይችላል፤ ካልሰጠም በኋላ ይደገምለታል።

የኢትዮጵያ ጉዳይ

በኢትዮጵያ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ፔንታቫለንት በተባለው ጥምር ክትባት ውስጥ ተካቶ ለሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት መሰጠት የጀመረው በ2007 ነው። ዛሬ በጎልማሶች የኤች አይ ቪ ክሊኒክ የሚከታተለው ሰው ከሞላ ጎደል ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ቫይረሱ አግኝቷቸው ሳያውቁት አልፏል፤ አንዳንዶቹ ጋ ደግሞ እስከ ዛሬ አለ። ቫይረሱ አሁንም ያለበትን ሰው መከተብ ምንም አይጠቅመውም። ድሮ ይዞት የለቀቀውና በደሙ የኮር (የቫይረሱ ውስጠኛ ፕሮቲን) ፀረ እንግዳ አካል ብቻ የቀረው ሰው ደግሞ በአንድ መርፌ ብቻ ከወሰኑ በላይ ሊዘል ይችላል፤ ይህ የነቃ ትውስታ ነው እንጂ አዲስ ምላሽ አይደለም። የኮር ምርመራ ያልተደረገበት ጥናት ሁለቱን ይቀላቅላል፤ ከእሱ የሚወጣው ቀመርም ሲዲ 4ን የሚለካ መስሎት የልጅነት ተጋላጭነትን ሊለካ ይችላል። ፓሪስ ወይም ቦስተን ላይ የተሠራ ቀመር አዲስ አበባ ላይ ሲደናበር ጥፋቱን በታካሚው ሰውነት ላይ ከመጣል በፊት ይህን ማጣራት ያስፈልጋል።

ሌላም የሚከደን ነገር አለ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን በሄፓታይተስ ቢም ላይ ስለሚሠሩ፣ እነዚህን በአንድ እንክብል ከዶሉቴግራቪር ጋር በየቀኑ የሚወስድ ሰው ክትባቱ ባይሠራለትም የተወሰነ ከለላ አለው። በመርፌ የሚሰጡት ረጅም ቆይታ ያላቸው ካቦቴግራቪርና ሪልፒቪሪን ግን ይህ ጠባይ የላቸውም። ሕክምናው ወደዚያ ባዘነበለ መጠን እስከዛሬ በእንክብሉ ተሸፍኖ የቆየው የክትባት ክፍተት ይገለጣል።

አዲሱ ክትባት በቀላሉ በማይገኝበት ቦታ የሚያዋጣው እጥፍ መጠኑን ለሁሉም መስጠትና በኋላ መመርመር ይመስለኛል። ለአገር ውስጥ የሚሆን ቀመር የሚፈለግ ከሆነም የክትትል መዝገቡ አራት ነገር መያዝ አለበት፦ ከክትባቱ በፊት የገጽ አንቲጂንና የኮር ፀረ እንግዳ አካል ውጤት፣ የተሰጠው ክትባት ዓይነትና መጠን፣ እያንዳንዱ መርፌ የተሰጠበት ቀን፣ ከመጨረሻው መርፌ በኋላ በሁለት ወር ውስጥ የተለካው ፀረ እንግዳ አካል በቁጥር እንጂ «አለ» ወይም «የለም» ተብሎ ሳይሆን። ሲዲ 4፣ ዕድሜና ሲጋራ ከእነዚህ ቀጥሎ ይገባሉ።