ባልጩት ያልጨበጠ ተማሪ

ልደታ ማርያም አካባቢ አንድ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ አቁማችሁ «ሉሲ ማን ናት?» ብትሉት አያሳፍራችሁም። «ድንቅነሽ፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ አፋር፣ ሐዳር» ብሎ በአንድ ትንፋሽ ይወጣዋል። «መቼ ተገኘች?» ስትሉት «እ.ኤ.አ. በ1974» ይላችኋል። ቀጥላችሁ «እሺ፣ ቢላዋ ባልነበረበት ዘመን ሰው የጉማሬ ሥጋ በምን ይቆርጥ ነበር?» ብትሉት ግን ዝም ይላል። አይፈረድበትም፤ ይህ ፈተና ላይ አይመጣም።

የቅድመ ታሪክ ትምህርታችን ነገር ይኸው ነው። ቁጥር እንሸመድዳለን፣ «ምድረ ቀደምት» እያልን ለቱሪስት እንፎክራለን፣ ልጆቻችንን በዓመት አንዴ ቢሳካልን አምስት ኪሎ ወስደን በመስታወት ፊት አሰልፈን እናሳልፋቸዋለን። «አትንካ! አትጠጋ! ተሰለፍ!» ጉብኝቱ አለቀ።

የሚገርመው ሌላ አማራጭ ሩቅ አለመሆኑ ነው። ከልደታ ተነስቶ በአየር ጤና ወጥቶ ዓለም ገናን ያለፈ አውቶቡስ በቡታጅራ መንገድ ትንሽ ቢገፋ አዋሽ ወንዝ ዳር መልካ ቁንጡሬ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጠዋት ሄዶ ማታ የሚመለሱበት።

ወንዙ የገለጠው

እ.ኤ.አ. በ1963 ጄራርድ ዴከር የተባለ ኔዘርላንዳዊ የውሃ ባለሙያ በዚህ ወንዝ ዳር የተጠረቡ ድንጋዮች አየ። ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለረጅም ዓመታት ቁፋሮውን መራ፤ ከ1999 ወዲህ ደግሞ የጣሊያን ተመራማሪዎች ተረከቡት። አዋሽ እየሸረሸረ የገለጠው አፈር ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ይወስዳል። ቦታው እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለልጆች ግን ከምዝገባው በላይ የሚነግራቸው ሌላ ነገር አለ። ጎምቦሬ በሚባለው ክፍል፣ 700 ሺህ ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው ጭቃ ላይ የእግር ዱካ ተገኝቷል። የትልልቅ ሰዎች ብቻ አይደለም፤ አንድ ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው የተባሉ ሕፃናት ዱካም አለበት። ዙሪያውን የድንጋይ መሣሪያና የተበለተ ጉማሬ አጥንት ነበር። ትልልቆቹ ሥጋ ሲቆርጡ ትንንሾቹ እዚያው ጭቃ ውስጥ ይንቦጫረቁ ነበር ማለት ነው። ኋላ የእሳተ ገሞራ አመድ ወርዶ ሸፈነውና ለእኛ ቆየ።

ይህን ለአንድ ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ መንገር ይቻላል። ግን ጫማውን አስወልቃችሁ እርጥብ ጭቃ ላይ ብታስኬዱትስ? የእሱን ዱካ ከታናሽ እህቱ ዱካ ጋር ቢለካ፣ የሮጠው ከቆመው በምን እንደሚለይ በዓይኑ ቢያይ፣ ላዩ ላይ አመድ ነስንሶ ቢያደርቀውና በማግስቱ ቢገልጠው? አንድ ባልዲ ውሃና አንድ ኩንታል አፈር ነው የሚጠይቀው። የልደታ ልጅ በኮንዶሚኒየሙ ግቢ እቃቃ ሲጫወት ጭቃ ማቡካቱን ከማንም በላይ ያውቅበታል።

ስለታሙ ድንጋይ

ሁለተኛው ትምህርት ባልጩት ነው። ምላጭ ሳይገባ በፊት ጸጉር የሚላጭበት፣ ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ድንጋይ። ከመልካ ቁንጡሬ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለው የባልጪት ስም ራሱ እሱን ያስታውሳል፤ መሬቱ በስብርባሪው ተሞልቷል። ሲምቢሮ በሚባለው ክፍል ደግሞ በ1.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ንጣፍ ውስጥ ከ500 በላይ የእጅ መጥረቢያዎች ተገኝተዋል፤ ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም ከባልጩት የተጠረቡ። ባልጩት ሲሰበር ስለታም ነው፣ ለጠራቢው እጅም አይራራም። ስለዚህ ያኔ ድንጋይ መምረጥ፣ ማዕዘኑን አይቶ መምታት፣ የጀመሩትን ቅርጽ ደጋግሞ መሥራት የሚያውቁ እጆች ነበሩ ማለት ነው።

ይህ ሙያ ደግሞ ከእኛ የራቀ አይደለም። የኮንሶ ሴቶች የቆዳ መፋቂያ ድንጋይ ራሳቸው እየጠረቡ ይሠሩበት እንደነበር ተመራማሪዎች በእኛው ዘመን መዝግበዋል። ድንጋይ የመጥረብን ጥበብ ለተማሪ ለማሳየት የሚሻለው መምህር ምናልባት ዲግሪ የሌላት እናት ናት። እኛ ግን ቆዳ ፋቂን ስንንቅ ኖረን «የድንጋይ ዘመን» የሚለውን ምዕራፍ በክብር እናስተምራለን።

እነሱ ሠርተው፣ እኛ ይዘን

ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. በ1964 ሌይሬ በሚባል ቦታ የጥንት ሰው ኑሮ የሚሞከርበት ማዕከል ከፈቱ። ዛሬም ተማሪዎች እየሄዱ እሳት ያነዳሉ፣ እህል በድንጋይ ይፈጫሉ፣ ከአንድ ግንድ በተቦረቦረ ጀልባ ይቀዝፋሉ። ዓመቱን ልብ በሉልኝ፤ መልካ ቁንጡሬ ከታወቀ በማግስቱ ዓመት ነው። እነሱ መንደሩን አዲስ መሥራት ነበረባቸው። እኛ እውነተኛው ቦታ አለን፤ በጎጆ ቅርጽ የተሠሩ የሙዚየም ክፍሎችና ቁፋሮው በቦታው የሚታይበት መጠለያም አለ። በድንጋይ ወፍጮ መፍጨትን ለማስተማርማ ከውጭ ባለሙያ አያስፈልገንም፤ የብዙዎቻችን አያቶች ፈጭተው ነው ያሳደጉን።

አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። «አርባ ልጅ ባልጪት ላይ ብትለቂ፣ አርባውም ኪሱን ሞልቶ ይመለሳል።» እውነት ነው። መሬት ላይ የወደቀችው ስብርባሪ ለተመራማሪ የምትናገረው በወደቀችበት ቦታ ስትቆይ ብቻ ነው፤ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ስትደርስ ድንጋይ ብቻ ናት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992ም ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል። ስለዚህ መንካትና አለመንካት አብረው ይሰጡ፦ ቅርሱ ባለበት ይታይ፤ ለእጅ ቅጂ ይሰጥ፤ ጠረባው ከቅርስ ቦታ ውጭ በመጣ ድንጋይ፣ በመነጽርና በጓንት፣ በአዋቂ እጅ ይታይ። ቁፋሮውን በአሸዋ ሳጥን ውስጥ ይለማመዱት፤ እያንዳንዷ ነገር የተገኘችበት ቦታ ሳይመዘገብ እንዳትነሳ። ቅርስ ለምን እንደማይሰረቅ በዚህ የተማረ ልጅ የጥበቃ ዱላ አያስፈልገውም።

ትምህርት ቤቶቻችን ለመዝናኛ ጉዞ አውቶቡስ መከራየት ያውቁበታል። ከእነዚያ ጉዞዎች አንዱ ወደ አዋሽ ዳር ይዙር። ዛሬ 3.2 ሚሊዮንን የሸመደደው ልጅ ፈተናው ሲያልፍ ይረሳዋል። ባልጩት ሲሰነጠቅ የሰማው፣ በጭቃ ላይ የራሱን እግር ከ700 ሺህ ዓመቱ ሕፃን ጋር ያስተያየው ግን «የሰው ዘር መገኛ» የሚለው ቃል መፈክር ሳይሆን ዘመድ ይሆንለታል።