ሸራ ለባሿ ታንኳ

«ታንኳ» የሚለው ቃል ለአማርኛ አንባቢ በቅድሚያ የሚያስታውሰው ከደንገል ታስሮ በጣና ሐይቅ ላይ የሚቀዘፈውን ጀልባ ነው። የጣና ታንኳ ዕድሜ አጭር ነው፤ ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ሲከብድና ሲበሰብስ ባለቤቱ ሌላ ደንገል አጭዶ አዲስ ያስራል። በሰሜን አሜሪካ ወንዞችና ደኖች መካከል የተወለደችው ታንኳ ዕጣዋ ከዚህ ይለያል። አካሏ ቀጭን እንጨት፣ ልብሷ ሸራ ነው። ልብሷ ሲያረጅ ተገፍፎ ሌላ ትለብሳለች፤ አጥንቷ ሲሰበር በሌላ ይተካላታል። ከመቶ ዓመት በፊት ከተሠሩት መካከል ጥቂት የማይባሉት ዛሬም ውሃ ላይ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው።

እነዚህን አሮጌ ታንኳዎች ከጎተራና ከጋጣ ጣሪያ ሥር አውርዶ መግዛትና ማደስ በሜይን፣ በኒው ዮርክ፣ በኦንታሪዮና በኒው ብራንስዊክ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። አዳሹ የነተበውን ሸራ ሲገፍ ከሥሩ የሚያገኘው እንጨት ሁለት ታሪክ ይነግረዋል። አንደኛው በቁጥርና በወረቀት የተመዘገበው የፋብሪካው ታሪክ ነው። ሁለተኛው በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረው፣ ታንኳዋን አስቀድመው ያሰቡ ሰዎች ታሪክ ነው።

ቅርፊት፣ ሥርና ሙጫ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የዚህች ታንኳ ሥር የሚገኘው ዋባናኪ በሚል የጋራ ስም በሚጠሩት ሕዝቦች ዘንድ ነው። ፔኖብስኮት፣ ፓሳማኮዲ፣ ማሊሲት፣ ሚክማክና አቤናኪ የተባሉት እነዚህ ሕዝቦች የሚኖሩት በሰሜን ምሥራቅ ዩናይትድ ስቴትስና በምሥራቅ ካናዳ ነው። አገሩ በወንዝና በሐይቅ የተሞላ፣ በመካከሉም ጥቅጥቅ ያለ ደን የሞላበት በመሆኑ መንገዱ ውሃው ነበር። ይሁን እንጂ አንዱ ወንዝ ሲያበቃ ሌላው እስኪጀምር ድረስ ታንኳን በትከሻ ተሸክሞ መሄድ ግድ ይላል። በመሆኑም የሚያስፈልገው ጀልባ ቤተሰብን ከነጓዙ የሚጭን፣ ግን አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚሸከመው መሆን ነበረበት።

ዋባናኪዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ ከበርች ዛፍ ቅርፊት የምትሠራው ታንኳ ናት። ሠሪው ከትልቅ የበርች ዛፍ ላይ ቅርፊቱን ሳይቀድ ይገፍፋል። ከዚያም ነጩ የውጭ ገጽ ወደ ታንኳዋ ውስጥ፣ ቡናማው የውስጥ ገጽ ደግሞ ወደ ውሃው እንዲሆን አድርጎ ያጥፈዋል። ስፌቱ የሚሰፋው ስፕሩስ በተባለው ዛፍ ቀጭን ሥር ነው። ቅርፊቱ ከተሰፋ በኋላ ሴዳር ከተባለው ቀላልና በቀላሉ የማይበሰብስ እንጨት የተፈለጡ ስስ ሳንቃዎች ከውስጥ ይነጠፉበታል። የጎን አጥንቶቹም በሙቅ ውሃ ለዝበው ከታጠፉ በኋላ በሳንቃዎቹ ላይ ተወጥረው ይገባሉ። በመጨረሻም መጋጠሚያው ሁሉ ከእንስሳ ስብ ጋር በተቀላቀለ የስፕሩስ ሙጫ ይደፈናል። በዚህ ሥራ ውስጥ አንድም ሚስማር አይገባም።

አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ እ.ኤ.አ. በ1857 የሜይንን ደኖች ያቋረጠው በዚህ ዓይነት ታንኳ ሲሆን፣ መንገዱን የመራው ጆ ፖሊስ የሚባል የፔኖብስኮት ተወላጅ ነበር። የዚያ ጉዞ ታሪክ ቶሮ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1864 በታተመው የሜይን ደኖች መጽሐፉ ውስጥ ይገኛል።

የቅርፊት ታንኳን አሠራር ከመጥፋት ካዳኑት ሰዎች አንዱ ኤድዊን ታፓን አድኒ ነው። አድኒ እ.ኤ.አ. በ1887 ገና ወጣት ሳለ ወደ ኒው ብራንስዊክ ሄዶ ፒተር ጆ ከተባለ የማሊሲት ታንኳ ሠሪ ሥራውን ተማረ። ከዚያም እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ ድረስ የልዩ ልዩ ሕዝቦችን ታንኳ እየለካና እየሣለ ማስታወሻ ያዘ፤ ከመቶ በላይ የታንኳ ሞዴሎችንም ሠራ። አድኒ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሞት ማስታወሻዎቹ ገና አልታተሙም ነበር። ሃዋርድ ቻፔል አሰናድቷቸው በስሚዝሶኒያን ተቋም በኩል ለኅትመት የበቁት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ

በ19ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። በአንድ በኩል ታንኳ የሚወጣው ሰፊና እንከን የለሽ ቅርፊት ያላቸው ትልልቅ የበርች ዛፎች እየተመናመኑ ሄዱ። በሌላ በኩል ወደ ሜይን ደኖች የሚጎርፈው አዳኝ፣ ዓሣ አጥማጅና ጎብኚ ታንኳ ፈላጊ ሆነ። ሸራ ርካሽና በየገበያው የሚገኝ ስለነበር የቅርፊቱን ቦታ ወሰደ። በባንጎር ከተማ ኢቫን ጌሪሽ፣ በኦልድ ታውን ኢ. ኤም. ዋይት፣ በቪዚ ደግሞ ቢ. ኤን. ሞሪስ የሸራ ታንኳ ሠርተው ከሸጡት ቀደምት ባለሙያዎች መካከል ናቸው።

ለውጡ የጨርቅና የቅርፊት ልውውጥ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የሥራው ቅደም ተከተል ተገለበጠ። ዋባናኪው ቆዳውን አስቀድሞ፣ አጥንቱን ኋላ ያስገባ ነበር። የሸራ ታንኳ ሠሪው ግን አጥንቱን አስቀድሞ ቆዳውን መጨረሻ ላይ ያለብሳል። ለዚህም በታንኳ አምሳል የተሠራ፣ የተደፋ የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ያዘጋጃል። በቅርጽ ማውጫው ጀርባ ላይ አጥንቶቹ በሚያርፉበት ልክ የብረት ጥብጣቦች ተመትተውበታል። ወደ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የሴዳር አጥንቶች በእንፋሎት ለዝበው በጥብጣቦቹ ላይ ይታጠፋሉ። ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑት ሳንቃዎችም በላያቸው ላይ በጥቃቅን የናስ ሚስማር ይመታሉ። የሚስማሩ ጫፍ እንጨቱን በስቶ ብረቱን ሲነካ ተመልሶ ይታጠፍና እንጨቱን መልሶ ይነክሳል። በሺህ የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ ሚስማሮች ታንኳዋን አጥብቀው ይይዟታል።

ቅርጽ ማውጫው ያለው ሰው አንዱን ታንኳ ከሌላው ሳይለይ ደጋግሞ መሥራት ስለሚችል ሙያው ወደ ፋብሪካ ገባ። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በፔኖብስኮት ወንዝ ዳር በምትገኘው በኦልድ ታውን ከተማ የከተማይቱን ስም የያዘው ኩባንያ ተቋቋመ። በካናዳ ደግሞ በፍሬድሪክተን የቼስትነት ኩባንያ ተነሣ። ቼስትነት እ.ኤ.አ. በ1905 በሸራ ለባሽ ታንኳ አሠራር ላይ የፈጠራ መብት እስከ ማስመዝገብ ደረሰ። ሥራው በሜይን ሲሠራበት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ የታንኳዋ ቅርጽና የአጥንቷ አደራደር ደግሞ ከዚያም እጅግ የቀደመ ነው።

ከኦልድ ታውን ፊት ለፊት በወንዙ መካከል የፔኖብስኮት ሕዝብ መኖሪያ የሆነች ደሴት አለች። ከደሴቲቱ ሰዎች በታንኳ ፋብሪካዎቹ ተቀጥረው የሠሩ ነበሩ። የሕዝባቸው ስምና ሥዕል ለታንኳ ማስታወቂያ ውሏል። አያቶቻቸው ያሰቡትን ነገር በደመወዝ ሠርተው ወደ ደሴታቸው ይመለሱ ነበር ማለት ነው።

ከትከሻ ወደ ጎተራ

የሸራ ታንኳ የወርቅ ዘመን እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘለቀ። ፍጻሜውን ያቀረበው ከጦር አውሮፕላን ፋብሪካ የመጣ ሐሳብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የግረማን አውሮፕላን ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ዊልያም ሆፍማን በአዲሮንዳክ ተራሮች መካከል ከባድ የሸራ ታንኳ ተሸክሞ ሲጓዝ፣ ለአውሮፕላን የሚውለው አሉሚኒየም ለታንኳም እንደሚሆን ታየው። ጦርነቱ ሲያበቃ እ.ኤ.አ. በ1945 ኩባንያው የአሉሚኒየም ታንኳ ማምረት ጀመረ። ከዚያ ፋይበር ግላስ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ ሮያሌክስ የተባለው ፕላስቲክ ተከተለ። አዲሶቹ ታንኳዎች ቀለም አይፈልጉም፤ በዝናብ ቢያድሩም ግድ የላቸውም። ቼስትነት በ1970ዎቹ መጨረሻ ተዘጋ። የሸራ ታንኳዎች ጎተራ ገቡ፤ አንዳንዶቹም ለሁለት ተሰንጥቀው የአበባ መትከያ ወይም የመጽሐፍ መደርደሪያ ሆኑ።

የከፋው ጉዳት የደረሰው ግን በተዘነጉት ላይ ሳይሆን በተሳሳተ መንገድ በተጠገኑት ላይ ነው። ብዙ ባለቤቶች ሸራውን ገፈው በምትኩ ፋይበር ግላስ ለጠፉበት። እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በድርቀት ይኮማተራል፤ ፋይበር ግላሱ ግን አብሮት አይንቀሳቀስም። ውሃ ከውስጥ ሲገባ መውጫ ያጣና እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ሸራው በሚስማር ተወጥሮ የሚቆይ እንጂ በእንጨቱ ላይ የሚጣበቅ አይደለም፤ የሚገፈፍ ልብስ የሆነውም ስለዚህ ነው።

ገዢው ምን ያያል?

አሮጌ ታንኳ ለመግዛት የሚመጣ ሰው አዋቂ ከሆነ የተቀደደ ሸራ አያስደነግጠውም። ሸራው መለወጡ አይቀርምና። የሚያየው ሌላ ነው። በመጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች ይፈትሻል፤ ታንኳዋ መሬት ላይ ተደፍታ ከኖረች መበስበስ የሚጀምረው ከጫፎቿና ከአፏ ጠርዝ መጋጠሚያ ነውና። ቀጥሎ የተሰነጠቁትን አጥንቶች ይቆጥራል። ከዚያም ራቅ ብሎ ወገቧ ወደ ላይ መጉበጥ አለመጉበጡን ይመለከታል። ጥቂት የተሰበሩ አጥንቶችን መተካት ይቻላል፤ ቅርጿን የሳተች ታንኳ ግን ታስቸግራለች።

በመጨረሻ ከጫፏ ውስጠኛ እንጨት ላይ አቧራውን ጠርጎ የተቀረጸ ቁጥር ይፈልጋል። የኦልድ ታውን ታንኳ ከሆነች ተከታታይ ቁጥሯና ርዝመቷ በእግር ልኬት ተመትቶባታል። የፋብሪካው መዝገብ ስላልጠፋ፣ በዚያ ቁጥር መነሻነት ሳንቃዋ የተመታበትን፣ ሸራ የለበሰችበትንና ቀለም የተቀባችበትን ቀን ማግኘት ይቻላል። የመጀመሪያ ቀለሟና የተላከችበት ከተማም አብሮ ተጽፏል። አንዲት ታንኳ ከሰማንያና ከመቶ ዓመት በኋላ የልደት ቀኗን መልሳ ታገኛለች ማለት ነው።

እድሳቱ

እድሳት የሚጀምረው በመግፈፍ ነው። አሮጌው ሸራ ይነሣል፤ የውስጡ ቫርኒሽ ይፋቃል። ተሰብሮ የወጣው አጥንት በአዲስ የሴዳር ቁራጭ ይተካል። አዳሹ የፋብሪካው ቅርጽ ማውጫ የለውምና አዲሱን አጥንት በእንፋሎት አልዝቦ በታንኳዋ በራሷ ጀርባ ላይ ያጥፈዋል። ያልተሰበረው አካሏ ለተሰበረው ቅርጽ ይሰጣል። ሚስማሩንም በአንድ እጁ ከውስጥ ብረት ደግፎ በሌላው ከውጭ በመዶሻ ይመታል፤ ጫፉ እንደ ቀድሞው ተመልሶ እንጨቱን ይነክሳል።

ከዚያ የሸራው ተራ ይደርሳል። ወፍራም የጥጥ ሸራ በረጅሙ ታጥፎ በሁለት ጫፉ ይወጠራል፤ ታንኳዋም በአልጋ ልብስ ውስጥ እንደ ተኛ ሕፃን በመካከሉ ትገባለች። ሸራው እንደ ከበሮ ቆዳ እስኪወጠር ተጎትቶ በጠርዟ ዙሪያ በሚስማር ይያዛል። ጥጥ ውሃ ስለሚያሳልፍ የተልባ ዘይት፣ የደቀቀ ድንጋይና ቀለም የተቀላቀለበት መሙያ ይቀባል፤ የሸራው ቀዳዳ ሁሉ እስኪደፈንም በእጅ ይታሻል። ቀድሞ በመሙያው ውስጥ እርሳስ ይገባበት ነበር፤ ጎጂነቱ ከታወቀ ወዲህ ብዙ አዳሾች ያለ እርሳስ ያዘጋጁታል። መሙያው እስኪደርቅ ቢያንስ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይጠበቃል። የቸኮለ ሰው ቀለሙ ይሰነጣጠቅበታል። በዚህ ሥራ ከገንዘብ ይልቅ የሚበዛው ትዕግሥት ነው። ሥራው ሲያልቅ አምስት ሜትር ያህል ርዝመትና ከ30 እስከ 40 ኪሎ ክብደት ያላት ታንኳ ለሌላ ብዙ ዓመታት ዝግጁ ትሆናለች።

ይህ ሙያ ያለ ተቆርቋሪ አልተረፈም። እ.ኤ.አ. በ1979 የእንጨት ታንኳ ቅርስ ማኅበር ተመሠረተ፤ አዳሾችና ባለቤቶች ዕውቀታቸውን የሚለዋወጡበትን መጽሔትም ማሳተም ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1987 ጄሪ ስቴልሞክና ሮሊን ተርሎው የተባሉ ሁለት የሜይን ታንኳ ሠሪዎች የሙያውን ምስጢር በመጽሐፍ አወጡ። በኦንታሪዮ በምትገኘው በፒተርቦሮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1997 የተከፈተው የካናዳ ታንኳ ሙዚየም ከ600 በላይ ታንኳዎችና ካያኮችን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አዲስ ሕንፃ ተዛውሯል። በፓሳማኮዲዎች ዘንድም ዴቪድ ሞዝስ ብሪጅስ እ.ኤ.አ. በ2017 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የቅርፊት ታንኳን ሥራ መልሶ ወደ ወገኖቹ እጅ ለማስገባት ደክሟል።

የሸራ ታንኳን ከገበያ ያስወጣው የሮያሌክስ አምራች በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2013 ምርቱን እንደሚያቆም አስታወቀ። ያ ፕላስቲክ ከአንድ ፋብሪካ ቀመር የሚወጣ ስለነበር ፋብሪካው ሲያቆም ታንኳውም ቆመ። ሴዳር፣ ጥጥ፣ ናስና የተልባ ዘይት ግን የማንም ብቸኛ ንብረት አይደሉም፤ አሠራሩን የሚያውቅ እጅ እስካለ ድረስ ታንኳዋ ትታደሳለች።

በታንኳዋ ጫፍ ላይ የተመታው ቁጥር ፈላጊውን እስከ ፋብሪካው ደጃፍ ያደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ አይመራም። ከፋብሪካው በስተኋላ ያለውን መንገድ የሚያሳየው የአጥንቷ ጉብጠትና የሳንቃዋ አነጣጠፍ ነው። አዳሹ በእንፋሎት የለዘበውን ሴዳር በጀርባዋ ላይ ሲያጥፍ፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ እጁ የሚከተለው የዋባናኪ ጠቢባንን እጅ ነው።