የግላኮማ ቀዶ ሕክምና

ግላኮማ የዓይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳና በወቅቱ ካልታከመ ለዓይነ ስውርነት የሚዳርግ በሽታ ነው። በአብዛኛው ሕመም ሳይሰማ እይታን ከዳር ጀምሮ ስለሚያጠብ ብዙ ታማሚዎች ወደ ሕክምና የሚመጡት ዘግይተው ነው።

ቀዶ ሕክምና የሚሰጠው የዓይን ግፊትን በጠብታ መድኃኒት ወይም በሌዘር በበቂ ሁኔታ መቀነስ ሳይቻል ሲቀር ነው። ትራቤኩሌክቶሚ በተሰኘው ቀዶ ሕክምና፣ በላይኛው የዓይን ቆብ በሚሸፈነው የዓይን ነጭ ክፍል ላይ አነስተኛ መውጫ ተበጅቶ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዲፈስና ግፊቱ እንዲቀንስ ይደረጋል።

ከሞራ ግርዶሽ ቀዶ ሕክምና በተለየ ይህ ሕክምና የጠፋውን እይታ አይመልስም፤ የተጎዳው ነርቭ አያገግምምና። ዓላማው የቀረውን እይታ ማቆየት ነው።

ታካሚው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓይኑን ከማሸት መቆጠብ፣ የታዘዘለትን ጠብታ በአግባቡ መጠቀምና የክትትል ቀጠሮውን ማክበር ይኖርበታል። ዓይን ከቀላ፣ ከታመመ፣ ፈሳሽ ካወጣ ወይም እይታ ከቀነሰ፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓመታት ያለፉ ቢሆንም እንኳ ሳይዘገዩ ወደ ዓይን ሕክምና መስጫ ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በተለይም ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት በግላኮማ የተያዘባቸው ሰዎች፣ ምልክት ሳይጠብቁ የዓይን ምርመራ ማድረግ ይገባቸዋል።