ከግላኮማ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚታዘዙ ፀረ ብግነት ጠብታዎችና የዓይን ግፊት

ግላኮማ በአብዛኛው በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከመጠን በላይ በመጨመሩ ምክንያት የዓይን ነርቭ ቀስ በቀስ የሚጎዳበት በሽታ ነው። በበሽታው የጠፋ እይታ ተመልሶ አይገኝም፤ ሕክምና የሚያተርፈው የቀረውን ብቻ ነው። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ የሚሆነው ዓይነ ስውር እንደሆነ የታወቀ ሲሆን፣ ከዚህም ውስጥ 5.2 በመቶው በግላኮማ ምክንያት የመጣ ነበር።

በጠብታ ብቻ ግፊቱ አልወርድ ላላቸው ወይም መድኃኒቱን በየጊዜው ማግኘት ለሚቸገሩ ታካሚዎች ትራቤኩሌክቶሚ የተባለ ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። ሐኪሙ ከላይኛው የዓይን ሽፋን ሥር በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ትንሽ መውጫ ይከፍታል፤ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽም በዚያ በኩል እየወጣ ግፊቱ ይቀንሳል። ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የሚነሱ ታካሚዎች ለዓይን ስፔሻሊስት ሕክምና ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካሉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ወደ ቀያቸው የሚመለሱት ጠብታና የቀጠሮ ወረቀት ይዘው ነው። ሁለቱም እኩል አስፈላጊ ናቸው።

ጠብታው ለምን ይታዘዛል?

ሰውነት የተከፈተውን መውጫ እንደ ማንኛውም ቁስል ቆጥሮ ለመድፈን ይሞክራል። ቁስሉ ሲያብጥና ሲቀላ ጠባሳ ይፈጠራል፤ ጠባሳው መውጫውን ከዘጋው ግፊቱ እንደገና ይጨምራል። ይህን ለመከላከል ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን የተባሉ የስቴሮይድ ጠብታዎች ይታዘዛሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኢንፌክሽንን የሚከላከል ፀረ ባክቴሪያ ጠብታም አብሮ ይሰጣል። የስቴሮይድ ጠብታ በመጀመሪያ በየሁለት ሰዓቱ ሊጨመር ይችላል፤ ከዚያ በሐኪም ትእዛዝ ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይቆያል። ሕመሙ ስለተሻለ ብቻ በሁለተኛው ሳምንት ጠብታውን ያቆመ ሰው የቀዶ ሕክምናውን ውጤት ሊያጣ ይችላል።

ይሁን እንጂ ይኸው መድኃኒት በአንዳንድ ሰዎች ላይ የዓይን ግፊትን ራሱ ይጨምራል። ከጠቅላላው ሕዝብ በግምት ከሦስት ሰዎች አንዱ ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ ሲጠቀም ግፊቱ በተወሰነ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ግላኮማ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይህ የበለጠ ይታያል። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጠብታው በተጀመረ በሁለትና በስድስት ሳምንት መካከል ሲሆን፣ ሕመምም መቅላትም ላይኖረው ይችላል።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲገኝ ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ተቃራኒ ነው። መውጫው እየጠበበ ከሆነ ሐኪሙ ስቴሮይዱን ሊጨምር ወይም ስፌቱን ሊያላላ ይችላል፤ ግፊቱን የጨመረው ስቴሮይዱ ራሱ ከሆነ ደግሞ ይቀነሳል ወይም በሌላ ይተካል። ዲክሎፌናክና ኬቶሮላክን የመሳሰሉ ስቴሮይድ ያልሆኑ ፀረ ብግነት ጠብታዎች ግፊትን በዚህ መንገድ አይጨምሩም። ሆኖም ለማን እንደሚስማሙ የሚወስነው ዓይኑን በመሣሪያ አጉልቶ ያየ ሐኪም ነው። ታካሚው፣ ቤተሰቡም ሆነ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛው ከውጭ በማየት ሁለቱን ሊለዩ አይችሉም።

የዓይን ግፊት ከደም ግፊት የተለየ ነው። በጤና ጣቢያ ክንድ ላይ በሚታሰረው መለኪያ አይታወቅም። የሚለካው ቶኖሜትር በተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ በጤናማ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ሐኪሙ ከዚህ ዝቅ ያለ ግብ ሊያስቀምጥ ይችላል። በክረምት መንገድ ተቋርጦ ወይም ሥራ በዝቶ ቀጠሮ ሲያልፍ፣ የቀደመውን ማዘዣ ይዞ ጠብታውን እየገዙ መቀጠል አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቀጠሮው ካለፈ ሕክምናውን ወደሰጠው ሆስፒታል መደወል ወይም በወረዳው በሚገኝ ጤና ተቋም በኩል ምክር መጠየቅ ይገባል።

አጠቃቀም

ከመጨመር በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። ፕሬድኒሶሎን ውስጡ ስለሚዘቅጥ ጠርሙሱ በደንብ ይናወጣል። አንድ ጠብታ ይበቃል። ከዚያ ዓይን ተከድኖ በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ቀስ ተብሎ ይያዛል፤ ይህም መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ይረዳል። በጾም ወቅት ምሬቱ ጉሮሮ ላይ ስለሚሰማቸው ጠብታውን እስከ ቀትር የሚያቆዩ ታካሚዎች ይህን ዘዴ ቢጠቀሙና ከንስሐ አባታቸው ጋር ቢመካከሩ ይበጃል፤ ሰዓቱን ማሳለፍ ግን አይመከርም። ሌላ ጠብታ ካለ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ልዩነት ያስፈልጋል። የተከፈተ ጠርሙስ በአብዛኛው ከአራት ሳምንት በኋላ አያገለግልም።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓይንን ማሸት፣ ከባድ ዕቃ መሸከምና ወደ ዓይን ውኃ ማስገባት ክልክል ነው። ጠበል የሚጠመቁ ሰዎችም ውኃው ወደ ታከመው ዓይን እንዳይገባ መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል። ለትራኮማ የተሰጠ የቴትራሳይክሊን ቅባት የዓይን ግፊትን አይቀንስም። ለታካሚው የታዘዘውን የስቴሮይድ ጠብታ ዓይኑን ለሚያሳክከው ልጅ መስጠትም አይገባም፤ በልጆችም ላይ ግፊትን ጨምሮ ሳይታወቅ እይታን ሊያጠፋ ይችላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት የታደሰ መታወቂያ፣ የሪፈራል ወረቀትና ሁሉንም የጠብታ ጠርሙሶች ይዘው ቢቀርቡ መልካም ነው። ሪፈራሉ ለተከታታይ ቀጠሮዎች ያገለግል እንደሆነ ከሆስፒታሉ ከመውጣታቸው በፊት ይጠይቁ።

ሕመም፣ ድንገተኛ የእይታ መቀነስ፣ መቅላት ወይም መግል ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የተከፈተው መውጫ ከዓመታት በኋላም በኢንፌክሽን ሊጠቃ ስለሚችል፣ ቀዶ ሕክምናው የቆየ መሆኑ ለመዘግየት ምክንያት አይሆንም።