የስልከኛው ብልሃት፦ ስለ ማገናኛ ሠሌዳ ብልሽት አፈላለግ አጭር የታሪክ ጥናት

በአገራችን ስለ ስልክ የተጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ማን አስመጣው፣ መቼስ ተዘረጋ በሚለው ጥያቄ ላይ ያተኩራል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስልኩ ዝም ባለ ጊዜ ጥፋቱ የት እንደ ሆነ የሚለየው ማን ነበር? የሚል ነው።

ጥያቄው ክብደት የሚያገኘው እንደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባለው አገር ነው። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በስማዳ በኩል ደግሞ የበሽሎና የዓባይ ሸለቆዎች አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገድ እያስጠረጉ ወራት ፈጅቶባቸዋል። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ጠረፍ ወደ ደጋው የቴሌግራፍ ሽቦ ይዘረጋ ነበር። ስለዚህ የሽቦ ወሬና የእግር ወሬ በአንድ ዘመን ተገናኙ ማለት ይቻላል።

የስልክ መስመር በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1894 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል መዘርጋት ጀመረ፤ ርዝመቱም 477 ኪሎ ሜትር ነበር። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ሲቋቋም ሥራው ራሱን ችሎ ተደራጀ።

በእጅ በሚሠራው የቀድሞ ሠሌዳ ላይ የእያንዳንዱ ደንበኛ መስመር በአንድ ቀዳዳና በአንድ ትንሽ ክዳን ያልቃል። ደንበኛው የስልኩን እጀታ ሲያዞር ክዳኑ ይወድቃል፤ ስልከኛው የአንዱን ገመድ ጫፍ ሰክቶ ይጠይቃል፤ ሁለተኛውን ጫፍ በተፈለገው ሰው ቀዳዳ ሰክቶ ይደውላል። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ክዳኑ ባይወድቅ ጥፋቱ የደንበኛው መሣሪያ፣ የሽቦው መበጠስ ወይም የክዳኑ ማቆሪያ አቧራ መያዝ ሊሆን ይችላል።

ይህን የሚለየው መጀመሪያ በእጁ ነው። ስልከኛው በተጠረጠረው መስመር ላይ እጀታውን ሲያዞር ያለ ልክ ከቀለለው ሽቦው ተበጥሷል፤ ከከበደው ደግሞ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል፣ ወይም ሽቦው መሬት ነክቷል። ሁለተኛው ብልሃት ማለዋወጥ ነው። አንድ ገመድ በሁሉም መስመር ላይ ቢንኳኳ ጥፋቱ ከገመዱ ነው፤ አንድ መስመር በሁሉም ገመድ ቢንኳኳ ግን ጥፋቱ ከመስመሩ ነው። እርሱ እየሰማ ሌሎቹ እርሱን የማይሰሙት እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ የራሱን የባትሪ ድንጋይና መናገሪያ ይመረምራል። በአንድ ሽቦ ብቻ የሚሠራ መስመር መመለሻውን ከመሬት ስለሚያገኝ፣ በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ድምፁ ይደክማል፤ መድኃኒቱም በተቀበረው ብረት ዙሪያ ውኃ ማፍሰስ ነው።

የነዚህ ሁሉ መሠረት አንድ ነው፦ ከቤት ጀምሮ ወደ ውጭ መሄድ። ስልከኛው ቢሳሳትና በገመዱ ጫፍ ላይ ላለው ዝገት ሽቦውን ቢከስ፣ የመስመር ሠራተኛው በከንቱ ምሰሶ ለምሰሶ ገደል ይወርዳል። ይህ ሲሆን የሐኪም ጥሪም፣ የዳኛ ትእዛዝም፣ የመርዶ ቃልም ይዘገያል። እንደ ጋይንት ባለ አገር የአንድ ሰው ፍርድ የብዙ ቀን የእግር መንገድ ያስከፍላል ማለታችን ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡት የመሥሪያ ቤት ስልኮች በገመድ ፈንታ ቁልፍና መብራት ያለው የእንግዳ ተቀባይ ጠረጴዛ አመጡ። ደንቡ ግን አልተለወጠም። የውስጥ ስልኮች እርስ በርሳቸው እየተገናኙ ጠረጴዛው ብቻ ዝም ቢል፣ ጥፋቱ ከዋናው ማሽን ይልቅ በጠረጴዛው ወይም በገመዱ መፈለግ አለበት። ከውጭ የሚመጣ ጥሪ ጭራሽ ባይደርስ ደግሞ ጥሪውን ወደ ሌላ ክፍል የሚያዞረው የሌሊት ቁልፍ ተረስቶ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማየት ይገባል።

እንግዲህ የስልክን ታሪክ በነገሥታቱና በሽቦው ርዝመት ብቻ መጻፍ ጎዶሎ ነው ብለን እናምናለን። የስልከኛው እውቀት በእጅና በጆሮ የኖረ ስለ ሆነ ከባለቤቱ ጋር ይጠፋል። ጓደኞቻችን ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲወርዱ የቀድሞ ስልከኞችን ፈልገው ቢጠይቁና ቃላቸውን ቢጽፉ፣ ለመጪው ተመራማሪ ትልቅ ስንቅ ይሆነዋል።